እጅዎን ያንሱ

የዚያን ቀን ጠዋት ለሚጢጢ ቁርስ አልወረደላትም። ዳቦውን ታላምጣለች እንጂ አትውጠውም። አብራሪ አይፈራም ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል! ይህቺ ልጅ ነጭ ሸሚዟን በካውያ አስጨንቃ፣ ክራቫቷን ሦስቴ አስራ ሦስቴ ፈትታ መስታወት ፊት ቆማ ላያት ሰው፣ ወደ ሥራ ሳይሆን ፍርድ ልትሰማ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። ደግሞም ከፍርድ አይተናነስም።

ሚጢጢ ያሏት የበረራ አስተናጋጆቹ ናቸው። በመስኮቱ አሻግራ ለማየት ወንበሯን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ፣ በዚያ ላይ ትራስ ትጨምራለች። የገባችበት ድርጅት ትንንሽ ከተሞችን በባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን የሚያገናኝ ድርጅት ነው። ከበረራ ትምህርት ቤት ሲወጡ ጓደኞቿ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ትልልቆቹ ጄቶች ነበር። ወደ ጄት የሚወስደው መንገድ ግን በእነዚህ በሚንቀጠቀጡ ትንንሾች በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ቀኝ ወንበር ላይ ከአሠልጣኝ ጋር፣ ከዚያ ፈተና፤ ፈተናውን ያለፈ ረዳት አብራሪ ሆኖ ከየትኛውም ካፒቴን ጋር ይበራል። የግራው ወንበር፣ የካፒቴኑ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

እሷ ፈተናው ላይ ተደናቅፋለች። ባለፈው ወር የጎን ንፋስ አንገላትቷት አውሮፕላኑን መሬት ላይ ስታፈርጠው ከላይ ሻንጣ ወርዶ የአንድ ሰውዬ ጭን ላይ አረፈ። ወደቀች። ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል። የተሰናበተ አብራሪ ደግሞ የትም ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን ለቀቅሽ?» ተብሎ ነው። ስለዚህ የዛሬው የመጨረሻዋ ነበር።

ልትወጣ ስትል አባቷ ደወለ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መኪና ያስተማራትም እሱ ነው።

«የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። ፈራሽ እንዴ?»

«ምን እፈራለሁ አባዬ» አለች፤ ክራቫቷን እንደገና እየፈታች።

አባቷ ጥሩ ሹፌር ነበር፣ ጥሩ አስተማሪ ግን አልነበረም። እሷ ስትነዳ ጎኗ ተቀምጦ ገና ፍየል ባየ ቁጥር እጁ ሽው ብሎ መሪው ላይ ነው። እሷም የእሱ እጅ ብቅ ሲል የራሷን መልቀቅ ለመደች። ባትለቅቅ ምን ልታደርግ? ሁለት ሰው አንድ መሪ ሲጓተት መኪናው ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው።

የሚፈትኗት ካፒቴን ደግሞ፣ አይጣል ነው፣ አባ ኮስትር የሚሏቸው ሰው ሆኑ። ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም። እጃቸውን ለሰላምታ ዘርግተው፣ ሰላም የተባሉትን ሰው ስህተት የሚፈልጉ ይመስላሉ። የአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

«ደርሶ መልሱ ያንቺ ነው። መሪ የምንቀባበለው በቃል ነው። የሚወስደው 'መሪው የእኔ ነው' ይላል፤ የሚለቀው 'መሪው የእርስዎ ነው' ይላል። ቃል ካልወጣ ምንም አልተቀየረም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል ካፒቴን።»

የሚሄዱበትን አየር ማረፊያ አብራሪዎቹ «ወፍጮው» ይሉታል። በሁለት ኮረብታዎች መካከል የተኛች አጭር ማኮብኮቢያ ናት፤ ንፋሱ ከኮረብታው ላይ ይወርድና አውሮፕላኑን እንደ እህል ይፈጨዋል። መንገደኞቹ ይህን አያውቁም። ነጋዴ አለ፣ ልጇን የታቀፈች እናት አለች፣ ወደ ሠርግ የሚሄዱ የሚንጫጩ እህትማማቾች አሉ። ሚጢጢ በሩ ሳይዘጋ በፊት ዞር ብላ አየቻቸውና ምነው ባላየሁ አለች።

ከደመናው በታች ሲወርዱ የማረፊያው መቆጣጠሪያ ታወር ንፋሱን ነገራቸው። ከጎን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ከተፈቀደው ልክ በታች ነው። ምነው ልኩን ባለፈ! ቢያልፍ ኖሮ ማንም ሳያማት ዞራ ትመለስ ነበር። ላብ ከአንገቷ ጀምሮ ሸሚዟን አጠመቀው። ማኮብኮቢያዋ በመስኮቱ ውስጥ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። እሷም መሪውን እያረመች፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ወረደች።

የኮረብታውን ጫፍ እንዳለፉ ንፋሱ መታቸው። አውሮፕላኑ ዘለለ፣ ክንፉ ዘመም አለ። በዚያች ቅጽበት የአባ ኮስትር እጅ ሽው ብሎ ወደ መሪው መጣ።

ሚጢጢ ለቀቀች።

አላሰበችም። እጇ ራሱ ነው የለቀቀው፤ ከአባቷ ጋር መኪና ላይ መልቀቅ የለመደው እጇ። ጭኗ ላይ አስቀምጣው ካፒቴኑ አውሮፕላኑን እንዲያቃኑ ጠበቀች። አውሮፕላኑ ግን አልቃና አለ። ክንፉ ይበልጥ ዘመመ፣ ማኮብኮቢያዋ ከመስኮቱ ወጣች፣ በቦታዋ ዛፍ መጣ። ቅጠሉ ሁሉ ይታያል። ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። ምን እየሠሩ ነው እኚህ ሰውዬ? ብላ ዞር ስትል እጃቸውን አየችው። ጣታቸው ተዘርግቶ፣ ከመሪው ስንዝር ርቆ፣ አየር ላይ ነው።

ማንም አልያዘውም።

ክው አለች። ይህን ሁሉ ሰው ጭኖ የሚሄደውን አውሮፕላን ንፋሱ ብቻ ነበር የሚያበርረው።

«መሪው የእኔ ነው!» ብላ ጮኸችና ተጠመጠመችበት። የሞተሩን ኃይል እስከ መጨረሻው ገፋችው። ሞተሮቹ አጓሩ፣ ዛፎቹ ከሆዳቸው ስር አለፉ፣ ሰማይ መጣ።

«መሪው ያንቺ ነው» አሉ አባ ኮስትር። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም።

ወደ ላይ ወጥተው ተረጋጉ። እሷ ግን የት ትረጋጋ! ጥርሷ ይፋጫል።

«ምን ትወስኛለሽ?» አሏት።

«እርስዎ ያሳርፉት» ልትል አፏን ከፈተች። ጣፋጭ ቃል ነበር፤ ብትለው ማንም አይሞትም፣ እሷም ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ሥራውም ይቀራል። ነዳጁን አየች፤ ተርፎ ይመልሳቸዋል። ታወሩን ደግማ ጠየቀች፤ ንፋሱ ያው ነው፣ ከልክ በታች።

«አንዴ እሞክራለሁ» አለች። «ኮረብታውን አልፈን ቀጥ ካላለልኝ እንመለሳለን።»

«ጥሩ።»

እንደገና ወረዱ። ያው ደመና፣ ያው ኮረብታ። እንደ ፈራችው ንፋሱ እዚያው ቦታ ቆሞ ጠበቃቸው። መታቸው፣ ክንፉ ዘመም አለ፣ እንደገና ያ እጅ በዓይኗ ጥግ ብቅ አለ። ጣቶቿ ሊለቁ ሲላሉ ተሰማት። ኧረ በሕግ!

«ካፒቴን፣ እጅዎን ያንሱ!»

እንኳን ካፒቴን፣ ታናሽ ወንድሟን እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም። የካፒቴኑ እጅ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሚጢጢ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ ይዛ፣ ክንፉን አቃንታ፣ መጨረሻ ላይ በእግሯ ቀጥ አድርጋ አወረደችው። አንደኛው ጎማ ነካ፣ ከዚያ ሌላው። አያምርም፣ ግን ሻንጣ አልወረደም። ፍጥነቱ ሲበርድላት ወደ ግራ ሰረቅ አድርጋ አየች። አባ ኮስትር ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ስር ከትተው ተቀምጠውባቸዋል።

መንገደኞቹ ወረዱ። ሠርገኞቹ መሬት ሲረግጡ እልል ሲሉ ተሰማ።

«መጀመሪያ ስንወርድ ማን ነበር የያዘው?» አሉ አባ ኮስትር ፊት ለፊት እያዩ።

መዋሸት አማራት። «ማንም» አለች። «እጅዎን ሳይ የወሰዱት መስሎኝ ለቀቅኩ።»

«እኔ ደግሞ የያዝሽው መስሎኝ ነው። ምናልባት ብዬ ነው እጄን ያስጠጋሁት። ሕጉን ጠዋት እኔው ነግሬሽ እኔው አፈረስኩት።» ኮፍያቸውን አንስተው ግንባራቸውን ጠረጉ። እሳቸውም ፈርተው ነበር ለካ! «ሁለቱንም ለአለቆች እነግራለሁ፤ የእኔንም ያንቺንም። በመጀመሪያው ብቻ ቢሆን ጥዬሽ ነበር። ሁለተኛ ግን አለቀቅሽም። አልፈሻል። ከነገ ጀምሮ ከየትኛውም ካፒቴን ጋር ትበሪያለሽ።»

ሚጢጢ አመስግና ወርዳ ከክንፉ ስር ቆመችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደስታ ብቻ አልነበረም። ከነገ ጀምሮ ስንት የማታውቀው እጅ ጎኗ ይቀመጣል፤ ያ እጅ ብቅ ባለ ቁጥር መሪውን አለመልቀቅ አለባት። ለመመለስም ቢሆን ይሄው ንፋስ ነው የሚጠብቃት። አባቷ ጋ ደወለች።

«አለፍኩ አባዬ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ፈርቼ ነበር። አሁንም እንደፈራሁ ነው።»

«በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ ካንቺ ጋር እሳፈራለሁ» አለ፤ ይህ ፍርሃቷን እንደሚያቀልላት ሁሉ።

«ና። የምትቀመጠው ግን ከኋላ ነው፣ እጅህ የማይደርስበት።»

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። «ያኔ በጣም አስቸግርሽ ነበር እንዴ?»

«ስለምትፈራልኝ ነው እንጂ።»

«ምን ላድርግ ልጄ? ይኸው አሁን እንኳ ስልክ እያወራሁ እጄ ወደ ፊት ተዘርግቷል።»

አዲስ መንገደኞች ወደ ደረጃው እየመጡ ነበር። ንፋሱ ፀጉራቸውን ያተራምሰዋል። ሚጢጢ ዓይኗን በክራቫቷ ጫፍ ጠረገች።

«አንሳው አባዬ» አለችው። «ልነሳ ነው።»