በድንጋይ ዙሪያ የቀረ ሣር

ማናዬ ሐሙስ ትመጣለች ተብሎ የተደወለው እሑድ ነው። የትነበርሽ ስልኩን ዘጋችና ነጠላዋን ደርባ በቀጥታ ወደ ቤተ እስራኤሎቹ መቃብር ወጣች። ሣሩ ደረቷ ድረስ ቆሟል። ከሠላሳ የማያንሱ መቃብሮች ባሉበት አፋፍ ላይ አንድ ድንጋይ እንኳ አይታይም።

«እኔን አፈር ያድርገኝ! ማሩ፣ ምነው በሰኔ ሞትህ?» አለች፤ ለሟቹ ባሏ ነው።

እውነቷን ነው። ሣሩ ገና ሊነሳ ሲል ሰው ይሞታል? ማሩ ግን ሞተ፤ ክረምቱም እንደ ልቡ ዘነበ፤ ሣሩም አጫጅ እንደሌለው አውቆ አደገ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህች መንደር ድሮ ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪውም ቤተ እስራኤል ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሁሉም ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ሸክላ ሠሪዋ ማናዬ እነማሩ ደጃፍ ቆማ፣ «አባቴን አያ ማለደን ጥዬው መሄዴ ነው። ድንጋዩን አደራ» አለች። ማሩ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ማጭዱን ስሎ ይወጣል። የአያ ማለደን ብቻም አይደለም፤ «የአንዱን አጭዶ የጎረቤቱን መተው ነውር ነው» እያለ አፋፉን ሙሉ ያጭዳል።

ማናዬ ሁለት ጊዜ ልትመጣ ተነስታ፣ መንገድ ተዘግቷል ተብላ ቀርታለች። አሁን ኩላሊቷ ታሟል። «የመጨረሻዋ ነው» ብላለች ስልክ የደወለችው ልጇ ሳሪት። እንግዲህ ያቺ ሴት ባሕር ተሻግራ መጥታ የአባቷን መቃብር ሣር ውጦት ብታገኘው፣ ለየትነበርሽ የሚቀርላት ስም አንድ ነው፤ አደራ በላ። እሱን ስም ይዛ ከምትኖር ማሩን ብትከተለው ትመርጣለች።

ሰኞ በማጭድ ሞከረች። ዓምና የተሰበረው ትከሻዋ እስከ ቀትር እንኳ አላደረሳት። ሰው እንዳትቀጥር ገብሱ ደርሷል፤ አገሬው በሙሉ አጨዳ ላይ ነው። ለሙታን ብሎ የራሱን ገብስ ለወፍ የሚተው ማን አለ? ስለዚህ ጎንደር ሆቴል ውስጥ አትክልተኛ ወደሆነው ታናሽ ወንድሟ ወደ ምንዳዬ ደወለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምንዳዬ በጆንያ የተጠቀለለ የሣር ማጨጃ ማሽን ተሸክሞ ከአውቶቡስ ወረደ። አፋፉን አየና ሳቀ።

«እታለም፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተጨነቅሽው? ሁለት ሰዓት አይፈጅብኝም!»

ከጆንያው ሁለት ነገር አወጣ። አንዱ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ነው። ሌላው ቡጢ የሚያህል ፕላስቲክ ሆኖ ግራና ቀኙ የናይሎን ክር ብቅ ብሎበታል።

«ማሽኑ ጫፍ ላይ ከሁለቱ አንዱ ይገጠማል። ይህ ዲስክ ነው፤ ቁጥቋጦም አይመልሰው። ይህ ደግሞ የክር ራስ ነው፤ ለሆቴሉ አበባ ዳር ነው የምይዘው። በሱ ልጨድ ካልኩ ሐሙስም አልጨርስ።»

«ድንጋዮቹስ?» አለች።

«እጠነቀቃለሁ።»

ተጠነቀቀ! ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ቋ አለ፤ እሳት ብልጭ አለ፤ የአንዱ መቃብር ድንጋይ ጥግ ተገምሶ ሣሩ ላይ ወደቀ። የትነበርሽ ነጠላዋን ጥላ ሮጠችና ማሽኑ ፊት ተገተረች። ምንዳዬ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።

«አብደሻል እንዴ? እግርሽን ልቆርጠው ነበር እኮ!»

«ቁረጠው! እግሩ የኔ ነው፤ ድንጋዩ የሰው ነው። ያንን ብረት አውጣና ክሩን ግጠም!»

እያጉረመረመ ዲስኩን ፈታ። እንዳይዞርበት ሚስማር ሰክቶ ያዘው፤ የሚፈታውም እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ነው። የክሩን ራስ ገጠመ። ክሩ ግን የሆቴሉ ዕቃ ቤት መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው፤ ድንጋይ በነካ ቁጥር ቅርጥፍ እያለ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ምንዳዬ ከጥቅሉ ሌላ ቆርጦ በችኮላ ጠመጠመና ከደነው። የክሩ ራስ መሬት መታ ሲደረግ ክር ሊለቅ ይገባዋል፤ አልለቀቀም። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች የትነበርሽ።

«እንግዲያው አንቺ ሥሪው!» አለና ማሽኑን አስቀመጠው። ወዲያው ደግሞ አዘነላት። ለነገ ሆቴሉ ሠርግ አለበት፤ ማደር አይችልም። ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ አሳያት፤ ማሽኑን፣ የቀረውን ክርና ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ትቶላት ሄደ። «ካልሆነልሽ ተይው፤ ሙታን አይቀየሙም» አላት ሲሰናበታት።

«ሙታንስ አይቀየሙም። የምትቀየመው ሐሙስ ነው የምትመጣው።»

ቤቷ ገብታ ክሩን በጣቷ ዳበሰችው። ውኃ ያላየ ጠፍር ነው። ጠፍር ደርቆ ሲሰበር ምን ይደረጋል? ይዘፈዘፋላ! ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞላችና ክሩን ነክራው አደረች። ረቡዕ ጠዋት ስታወጣው ለስልሶ ይታጠፋል።

ከዚያ የማሽኑን ራስ ከፍታ ውስጡን አየችው። ክር የሚጠመጠምበት በከራ ነው፤ መሐሉ ላይ መከፋፈያ አለው፤ ጎኑ ላይ ወዴት እንደሚጠመጠም የሚያሳይ ቀስት ተስሏል። ምንዳዬ ክሩን ከቀስቱ በተቃራኒ፣ ያውም አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበረ ጠምጥሞታል። የተነባበረ ክር ራሱን አንቆ እንደሚይዝ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ለፈተለች ሴት ማን ይነግራታል? ስድስት ክንድ ለካች። ከመሐል አጥፋ እጥፋቱን መከፋፈያው ላይ ባለው ስንጥቅ አስገባችው። የክሩን ሁለት እግር በየክፍሉ፣ ቀስቱን ተከትላ፣ ጎን ለጎን እያስተኛች ጠመጠመች፤ ጫፎቹን በቀዳዳዎቹ አወጣችና ከደነችው። ቀጭ አለ።

«ማሽን ነው ብለው አስፈሩኝ እንጂ፣ ነገሩ ፈትል ነው» አለች።

አፋፉ ላይ ማንገቻውን በደህናው ትከሻዋ አጠለቀች። ሞተሩ በአራተኛው ስበት ተነሳ። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፤ ሣሩ ፊቷ ላይ ተረጨ፤ ግን ሣሩ ወደቀ። ክሩ ድንጋይ ሲያገኝ ራሱ ያጥራል እንጂ ድንጋዩን ምንም አይለው። መሬት መታ ስታደርገው እሺ ብሎ ይወጣል። ሲያልቅ ቁጭ ብላ ትጠመጥማለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አራት ጊዜ ጠመጠመች።

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባት። ማጭድ ያለው ሰው ድንጋይ አጠገብ ሲደርስ ስለቱን ይሰስታል። ማሩም ሲሰስት ኖሯል። በየድንጋዩ ዙሪያ አንድ ክንድ የሚያህል ሣር በየዓመቱ ሳይታጨድ ቀርቶ፣ አሮጌው በአዲሱ ተደርቦ ፍራሽ ሆኗል። ክሩ ግን እዚያ ድረስ ገብቶ ይልሰዋል።

የአያ ማለደን መጨረሻ አደረገችው። መቃብሩ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወይራው ሥር ነው። ሽማግሌው በሚስታቸው ጎን ቦታ እያላቸው «እኔን እዚያ ዳር ቅበሩኝ» ማለታቸው አገሩን ሁሉ አስገርሞ ነበር። ከድንጋዩ በስተቀኝ ያለው ሣር እንደሌላው አንድ ክንድ አይደለም፤ ሁለት ይሆናል። የማሽኑን ራስ ዝቅ አደረገችለት። ሣሩ ንጣፍ በንጣፍ ተነሳ። ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ ሲል ሞተሩን አጠፋችና ተንበርክካ የቀረውን በእጇ ነቀለችው።

ቡጢ ቡጢ የሚያካክሉ የወንዝ ድንጋዮች ናቸው፤ ሰው በእጁ ዙሪያውን የደረደራቸው። ክቡ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ቢሆን ነው። ያ ቁመት የምን ቁመት እንደሆነ ለወለደች ሴት አይጠፋትም።

«ማሩ፣ ይህን አይተኸዋል?» አለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ አደራ ጠባቂ ነን ሲሉ፣ ሕፃን ከሣራቸው ሥር ተኝቶ ኖሯል። አፍራ አለቀሰች። ነገ ሁሉንም ልትናገር ቆረጠች።

ሐሙስ ማናዬና ሳሪት በኮንትራት መኪና መጡ። ሁለቱ ሴቶች አንገት ለአንገት ተያይዘው ለማሩም፣ ላልተያዩበት ዘመንም አለቀሱ። ማናዬ ከስታለች፤ ልጇን ተደግፋ ነው አፋፉን የወጣችው። የትነበርሽ መጀመሪያ የተገመሰውን ድንጋይ አሳየቻት።

«ይህን የሰበርነው እኛ ነን።»

«ይሁን፤ ድንጋይ ነው» አለች ማናዬ። ዓይኗ ግን ወይራው ላይ ነበር። ስትደርስ የአባቷን ድንጋይ አለፈችው። ክቡን አየችና ድንጋዮቹ ላይ በሁለት እጇ ተደፋች።

«እማዬ! ማን ነው እዚህ?» አለች ሳሪት ደንግጣ።

«ወንድምሽ ነው።»

ሳሪት ወንድም እንዳላት ሰምታ አታውቅም። ማናዬ ቀና ሳትል ተናገረች። «በስድስተኛው ቀን ሞተ። ገና ሳይገረዝ፣ ስም ሳይወጣለት። እኔ አራስ ጎጆ ነበርኩ፤ በኛ ወግ ሰው አይደርስብኝም። አባቴ ብቻውን አምጥቶ ቀበረው። ለማንም አላወራንም።»

የትነበርሽ ትዝ አላት። አንድ ክረምት ማናዬ ሆዷ ገፍቶ ታይታ፣ በኋላ ሕፃን ሳታዝል ማሰሮ ስትሸጥ ገበያ ወጥታ ነበር። «አስወርዷት ይሆናል» ተባለ፤ ጠያቂ አልነበረም። ሽማግሌውም ለምን ከሚስታቸው ተነጥለው እዚህ ዳር እንደተኙ አሁን ገባት።

«ለአባቴ አደራ ያልኳችሁ ለሱ ማለት አፍሬ ነው» አለች ማናዬ። «ስም ለሌለው ልጅ አደራ ይባላል? ጠፍቷል ብዬ ነው የመጣሁት። ቦታውን ባጣው ሣሩን ሁሉ ልሰናበት ነበር።»

«ማናዬ፣ ልዋሽሽ አልችልም። አላየነውም። ማሩ ድንጋዩ ዳር ሲደርስ ማጭዱን ይሰስት ነበር፤ ልጅሽ እኛ በተውነው ሣር ተሸፍኖ ነው የኖረው። ይቅር በይኝ።»

ማናዬ ዙሪያዋን አየች። የአፋፉ ትናንሽ ድንጋይ ሁሉ ለካብና ለቤት መሠረት ተለቅሞ አልቋል፤ ከትልልቆቹ በቀር የቀረ የለም።

«ማሩ ሸጋ አደረገ» አለች። «ቢያጭደው ኖሮ ይህን ጊዜ የልጄ ድንጋይ የሰው አጥር ውስጥ ነበር። በሞቴ የትነበርሽ፣ ከእንግዲህም ሣሩን እንደ ማሩ ተይልኝ።»

ማናዬ በመጋቢት አረፈች። ሳሪት አንድ ትልቅ ጥቅል ክር ላከች፤ ለዓመታት የሚበቃ።

በጥቅምት የትነበርሽ ክሩን ዘፍዝፋ አደረችና አፋፉን ድንጋይ በድንጋይ ጠርጋ አጨደችው። ወይራው ሥር ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች። ሊያያት የመጣው ምንዳዬ ሁለት ክንዱን ሣር በጣቱ አሳያት።

«ምነው እታለም፣ እሱን ተውሽው?»

«ክር አለቀብኝ» አለች፤ ጥቅሉን በነጠላዋ ሸፍና።