እስቲ ይብሉት

1.

«የማን ልጅ ነሽ?»

ቤዛዊት የመስኮቱን መጋረጃ እያስተካከለች ነበር፤ ያልሰማች መሰለች።

«አንቺን እኮ ነው የኔ ልጅ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ ሰይፉ» አለች። ምን ትበል? ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ፣ ቡሬ ላይ ተሳፍረው አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት የአባቷን ስም ምን ሊያደርጉላት ነው?

«የትኛው ሰይፉ?»

ይኸው ነው እንግዲህ። ሰውየው ካዛንቺስ ተወልደው ካዛንቺስ ያረጁ ጡረተኛ ናቸው። ሴትዮዋ ግን ትንሽ ገፋ አድርገው ቢጠይቁ አንድ ዝምድና የማይጠፋ መስሏቸዋል።


2.

ታሪኩን በቁጥር የቆራረጥኩት ልታይ ልታይ ብዬ አይደለም። በአንድ ትንፋሽ ልነግራችሁ ጀምሬ ነበር፤ መሃሉ ላይ ስደርስ ሐፍረቱ አፌን ያዘው። ሐፍረቱ የቤዛዊት ነው፤ ግን ይጋባል፤ እናንተም ላይ ሳይተርፍ አይቀርም። ስለዚህ ቁርጥ ቁርጥ እያደረግሁ አቀርበዋለሁ። አይዟችሁ፣ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ መንገዱም አንድ ነው።


3. ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት፣ በየአገሩ
(ጥናት አይደለም፤ ተሳፍሬ ያየሁት ነው)

ድሬዳዋ፦ ገና ሳያውቁህ «አንተ» ይሉሃል። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ሚስትህ ለምን እንዳኮረፈችህ ነግረሃቸው ቁጭ ብለሃል።

ወሎ፦ መንገድ ትጠይቃለህ፤ ቤት ትገባለህ። የጠየቅኸው መንገድ ይረሳል።

ጎጃም፦ ሰላምታው ራሱ ወሬ ነው። አንተ ደኅና፣ ልጆቹ ደኅና፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ አዝመራው ደኅና። ይህ ሁሉ ሳይጣራ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው።

አዲስ አበባ፦ «ወራጅ አለ።»

ቤዛዊት የመጨረሻው መስመር ልጅ ናት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። በሯ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት በማስነጠሱ ታውቀዋለች፤ ስሙን ግን አታውቀውም። ሥራዋን ብነግራችሁ ደግሞ ትስቃላችሁ። የአንድ ባንክ የስልክ መስመር ላይ ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስታወራ ትውላለች። «ደኅና ነዎት? ምን ልርዳዎት?» ትላለች፤ ስለተጻፈላት።


4. መመሪያ

የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ። ዘፈን ባይኖርበትም አድርጊ።

ስልክሽን እዪ። ባትሪው ካለቀ የጠቆረውን እዪ።

«እሺ» በይ። ከ«እሺ» በኋላ ወሬ የሚቀጥል ሰው ብርቅ ነው።

ካልሆነ ተኚ። እንቅልፍ እንቢ ካለሽ ዓይንሽን ጨፍኚ።

ቤዛዊት ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ይህን ሁሉ ሞክራዋለች። አንዱም አልያዘላትም።


5. ቃል በቃል

አሮጊቷ፦ ስሜ አንጓች ነው። አንቺስ?

ቤዛዊት፦ ቤዛ።

እማማ አንጓች፦ ቤዛ ብቻ?

ቤዛዊት፦ ቤዛዊት።

እማማ አንጓች፦ እንዲህ ነው እንጂ ስም። ባሕር ዳር ማን አለሽ?

ቤዛዊት፦ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ነበር።

እማማ አንጓች፦ እሰይ። አንቺስ አገባሽ?

ቤዛዊት፦ (ስልኳን ታያለች።)

እማማ አንጓች፦ ግድ የለም፣ እሱም በቀኑ ይመጣል። እኔም አዲስ አበባ ልጅ አለኝ፤ ምናሉ ይባላል። እሱን ለማየት ነው የምሄደው።*

ቤዛዊት፦ እሺ።

* ምናሉ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን እብጠት ለማውጣት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። እናቱ ከቢላዋ በደኅና እስኪወጣ እህል ውኃ ላይቀምሱ ለጊዮርጊስ ተስለዋል። ስለት የተሳለ፣ ጾም የያዘ ሰው ደግሞ አይለፍፍም፤ ዝም ብሎ ይይዛል። ቤዛዊት ይህን አታውቅም። አንተ አንባቢው ግን ከአሁኑ እወቀው፤ እኔ ምስጢር ሸሽጌ ሰው ማስደንገጥ አልወድም።


6.

እዚህ ላይ «ደኅና ነው?» ብትል ኖሮ ምን ነበረበት? ለባንኩ ደንበኛ ስትለው የምትውለው ቃል ነው። አላለችም።


7. ቤዛዊት የጠረጠረችበት ምክንያት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ ያን ዕለት ጠዋትም «ከሰው ተቀብለሽ እንዳትበዪ» ብላ መልእክት ልካላታለች። የቢሮ ጓደኛዋ አጎት ደግሞ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ብስኩት ተቀብሎ በልቶ፣ ሲነቃ ሻንጣውም ጫማውም አልነበሩም። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም።

እና ሴትዮዋን ማየት ጀመረች። አውቶብሱ ያደለውን ውኃ ሳይከፍቱ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ደብረ ማርቆስ ሁሉም ለምሳ ሲወርድ እሳቸው አልወረዱም። ጭናቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አለ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆረሱለትም። ወሬውስ? ይህን ሁሉ ጥያቄ ሰው በጤናው ይጠይቃል?

ቤዛዊትም ምሳ አልበላችም። የሆቴሉ ወጥ አላማራትም።


8.

ዳቦ።

የዓባይን ሸለቆ ወርደው ዳገቱን ሲወጡ ቤዛዊት ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። እማማ አንጓች ነጠላውን ፈቱና ትልቅ ቁራሽ ቆረሱ።

«እንኪ የኔ ልጅ። ፊትሽ ገርጥቷል። ባዶ ሆድሽን እኮ ነው የዋልሽው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አልበላም። አንቺ ብዪ።»

«ለምን አይበሉም?»

«እንዲሁ።»

ቤዛዊት ቁራሹን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መቀመጫዋ ላይ ትታው ተነሣች፤ በእማማ አንጓች ጉልበት በኩል «ይቅርታ» ብላ አለፈች፤ ወደ ፊት ሄዳ በረዳቱ ጆሮ አንሾካሾከች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ።


9.

ረዳቱን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትይዙት። በቅርቡ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እንዲሁ ደንዝዞ ተዘርፎበት፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ከርሟል። ስለዚህ አውቶብሱን ዳር አስያዘና መጣ።

«እናቴ፣ ይህ ዳቦ የማን ነው?»

«የእኔ ነው ልጄ። ልቁረስልህ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ለልጅቷ ሰጥተው እርስዎ የማይበሉት ለምንድን ነው?»

«አልራበኝም።»

«ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠጡም» አለ በማዶ ወንበር የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰው። ማንም አልጠየቀውም ነበር። «ንጹሕ ከሆኑ እስቲ ይብሉት።»

እስቲ ይብሉት።

እስቲ ይብሉት፣ አለ ከኋላ።

እስቲ ይብሉት፣ አለች ልጅ ያቀፈች ሴት። እሷ እንኳ።

እማማ አንጓች አንገታቸውን አዙረው ቤዛዊትን ፈለጓት። ከረዳቱ ጀርባ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ የኔ ልጅ?»

ቤዛዊት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ውጭ ምንም አልነበረም፤ ድንጋይና ሣር ነው። ያን ድንጋይና ሣር ግን እስክትሞት አትረሳውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ብዪ ወይ ውረጂ» አለ ረዳቱ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ለመውረድ ጊዜ አልፈጀበትም። ከወረዱ ደግሞ ዛሬ አዲስ አበባ አይደርሱም፤ ልጃቸው ቢነቃም ባይነቃም አጠገቡ አይገኙም።

አማተቡ።

ቆረሱ።

በሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ያላየ ጉሮሮ ዳቦ አልወርድ አለው። ትን አላቸው። «ውኃውንም ይጠጡት» አለ ባለከረባቱ፤ ጠጡ። ረዳቱ ቆሞ ዓይናቸውን ሲመለከት ቆየ፤ እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ ነው። አልወሰዳቸውም።

«እሺ፣ እንሂድ» አለ ለሾፌሩ።

ይቅርታ ያለ ሰው የለም።


10. እማማ አንጓች ከዚያ በኋላ ለቤዛዊት የነገሯት






11.

ይቅርታ መጠየቅ አስባ ነበር፤ አልጠላችም። ግን አፏ ላይ የሚመጣላት የቢሮው ቃል ነው። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» እንጠይቃለን? እነማን?

መቀመጫዋ ላይ ትታው የሄደችውን ቁራሽ አነሣችና መብላት ጀመረች። እያዩኝ ልብላው፣ ማመኔን ይወቁልኝ ብላ ነው። ጥቁር አዝሙድ አለበት፤ ይጣፍጣል። እማማ አንጓች ግን አላዩዋትም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከትተው የፊት ለፊቱን ወንበር ጀርባ ይመለከታሉ። ቤዛዊት ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ የምትገባበት ጠፋት። ስትሸሸው የዋለችውን ጥያቄ አሁን ተመኘችው፤ የማን ልጅ ነሽ፣ አገባሽ ወይ፣ ምን በላሽ ቢሏት ሁሉንም ትመልስ ነበር።


12. ጫንጮ አካባቢ
(የእማማ አንጓች ስልክ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ አውቶብሱ ሁሉ ሰምቷል)

ብርቄ፣ ሴት ልጃቸው፣ ከሆስፒታል፦ እማዬ፣ አስገቡት። አሁን አስገቡት።

እማማ አንጓች፦ እሰይ። ጊዮርጊስ አብሮት ይግባ።

ብርቄ፦ ዶክተሩ ከባድ ነው አለኝ። ፈርቻለሁ። እማዬ፣ ስለቱን… እህል አልቀመስሽም አይደል?

እማማ አንጓች፦ 

ብርቄ፦ እማዬ?

እማማ አንጓች፦ ቀመስሁ።

ብርቄ፦ ምን?

እማማ አንጓች፦ ራበኝ። ዳቦውን ቆረስሁና በላሁ።

ብርቄ፦ ዛሬ? ዛሬን መቻል አቃተሽ? አንድ ነገር ቢሆን ምን ልትይ ነው? (ታለቅሳለች።)

እማማ አንጓች፦ ሆዴ አሸነፈኝ ልጄ። እኔው ነኝ ጥፋተኛዋ።


13.

ራበኝ አሉ።

ቤዛዊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባለከረባቱ ጫማውን ያያል። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ዞር አለና ተመልሶ መንገዱን ማየት ጀመረ። ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም ዝም ብሏል። በዚህስ አውቶብሱ ደኅና አድርጎ የአዲስ አበባ ሆኗል።

ልጁ ቢድን እሰየው። ባይድንስ? ለቅሶው ላይ ቡሬ የሚባለውን እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። «እናቱ አንድ ቀን መጾም አቅቷት ነው።» ፊት ለፊት አይሏቸውም፤ ከጀርባ ነው የሚሏቸው፤ ልጃቸውም ከሚሉት አንዷ ትሆናለች። እሳቸውም ያገኘኋት የከተማ ልጅ እንዲህ አደረገችኝ ብለው አይናገሩም፤ አሁን አጠገቧ ተቀምጠው እንኳ አልተናገሩባትም። እውነቱን ለብርቄ ሊነግር የሚችል አንድ ሰው አለ። እሷም ጉንጯ እንደ እሳት ነዶ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች።


14.

«ስልኩን ይስጡኝ» አለች።

እማማ አንጓች አዩዋት። ከዳቦው ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ተይው የኔ ልጅ። አንቺ ምን ታደርጊ፤ አገሩ አስፈርቶሽ ነው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት አንገቷን ደፍታ ትቀበል ነበር፤ ይህን ግን የት ታድርገው? እንባዋ መጣ። በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

«ይስጡኝ እማማ። እባክዎ።»

ብርቄ አሁንም እያለቀሰች ነው። እማማ አንጓች ስልኩን ጥቂት ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ሰጧት።


15. ቃል በቃል

ብርቄ፦ እማዬ? እማዬ ትሰሚኛለሽ?

ቤዛዊት፦ እናትሽ አይደሉም። አጠገባቸው የተቀመጥኩ ነኝ።

ብርቄ፦ ምን ሆነች? እናቴ ምን ሆነች?

ቤዛዊት፦ ምንም አልሆኑም። አለሁ ይላሉ። የምነግርሽ ነገር አለኝ።

ብርቄ፦ ማን ልበል?

ቤዛዊት፦ ቤዛዊት እባላለሁ፣ የአቶ ሰይፉ ልጅ፤ እናትሽን ዳቦውን ያስበላኋቸው እኔ ነኝ።