“ይ” የምትገባበት ቦታ

“ሰው ማየት ከፈለግሽ ሆስፒታል ሂጂ!” አለ ሞተር፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አድርጎ። “እኔ ሃያ ዓመት የተሳፈርኩት መርከቧ ላይ ነው።”

“መርከቧ ባዶዋን ብትበር ታያት ነበር?” አለችው ልጅቷ።

“እንዴታ! ደስ ብሎኝ!”

“ውሸታም። ካፒቴኑ የቆሰለ ጊዜ ጎማ ቤቱን ዘግቶ የዋለው ማነው?”

ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የታጨቁት የ“ሩቅ ወደብ” ወዳጆች በሳቅ ፈረሱ። ሞተር ሥራው ጎማ መጠገን ነው። ስሙን ያወጡለት የጠፈር መርከቧን ሞተር ከነብሎኑ በቃሉ ስለሚያውቅ ነው።

“ያን ቀን መንፊያው ተበላሽቶብኝ ነው” አለ። ሳቁ ባሰ።

ተርጓሚው በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ አንድ ወረቀት ይዞ ያዳምጣል። “ሩቅ ወደብ” በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው። ያለፉትን ዘጠኝ ዓመታት በእኛ ቋንቋ ያናገረው እሱ ነው። የተዋናዮቹን ከንፈር እያየ፣ አፋቸው ሲከፈት የሚከፈት፣ ሲዘጋ የሚዘጋ ቃል ይፈልግላቸዋል። አዲሱ ምዕራፍ እሳትና ጦርነት አብዝቶ ከመጣ ወዲህ ወዳጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ “መርከብ ይቅደም” ይላል፤ ግማሹ “ሰው ይቅደም”። የሰው ወገን አለቃ ይህች ሞተርን የምታበሽቀው ልጅ ናት። የተርጓሚው ሚስት ልጅ።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋ ከቁም ሳጥኑ አናት ወርዶ አልጋዋ ላይ ተከፍቶ አይቶታል።

ቅየሳ ተምራ በቅርቡ ተመርቃለች። ሩቅ ክፍለ አገር፣ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ሥራ እንደሰጣት ሰምቷል፤ እሺ ማለቷን ግን አልሰማም። ከሦስት ቀን በፊት በስልክ “እዚህ ቤት እኮ ቦታ የለም” ስትል ጆሮው ጥልቅ ብሏል። ይቺ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ከእናቷ ጋር ወደ ቤቱ ስትገባ “እርስዎ” ያለችው፣ እስከ ዛሬ “እርስዎ” እንዳለችው ነው። ጎረቤቱን ሁሉ፣ የጓደኞቿን አባቶች ሳይቀር “አንተ” ትላለች። እሱን ግን “እርስዎ”።

“ጠይቃታ!” ብላው ነበር ሚስቱ። “ለጠፈር ሰው ሁሉ ምላስ ስታበጅ፣ ለቤትህ ሰው ሲሆን ምላስህ ይተሳሰራል።”

“ጸጥታ!” አለ ስብሰባውን የሚመራው የሒሳብ መምህር፣ በማስመሪያው ወንበሩን እየነካ። “እንግዳችን የመጡበት ጉዳይ አላቸው።”

ተርጓሚው ተነሣ። “የመጣሁት ለአንዲት ቃል ነው” አለ። “የመጨረሻውን ክፍል በባዕዱ ቋንቋ አይታችሁታል። በሩ በካፒቴኑ ላይ ይዘጋል፤ አየሩ እያለቀ ነው። መካኒኳ ከበሩ ወዲህ ሆና አንድ ቃል ትለዋለች። ቃሉ በእነሱ አፍ ታላቅና ታናሽ የለውም። በእኛ ግን አለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‘እርስዎ’ አስብያታለሁ። አሁን ‘ጠብቀኝ’ ትበል ወይስ ‘ይጠብቁኝ’? የስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ‘ጠብቀኝ’ ይላል፤ አጭር ነው፣ ለአፏ ልክ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ይቀረጻል።”

“ምን ጥያቄ አለው ጋሽ ተርጓሚ?” አለ ሞተር። “‘ጠብቀኝ’ ትበላ! ‘ይ’ን እስክትጨምር ሰውዬው ይሞታል።”

መምህሩም ራሱን ነቀነቀ። “ለአንድ ጊዜ ከሞተር ጋር ልስማማ ነው። ከወደቀች መርከብ ውስጥ አንሥቶ ያሳደጋት ሰው እኮ ነው። ልጅ አባቷን ‘እርስዎ’ ስትል ሩቅ ናት ማለት ነው። ዛሬ በመካከላቸው የቆመው በር ብረት ነው፤ ‘እርስዎ’ ግን ከድሮም የቆመ በር ነው። ይከፈት!”

ተርጓሚው ወረቀቱን አየ። እሱም እንዲሁ አስቦ ነበር። በእርሳስ የጻፈውም “ጠብቀኝ” የሚለውን ነው። ቀና ብሎ ልጅቷን ጠበቀ፤ የሰው ወገን አለቃ ከመምህሩ ብሳ “በሩ ይሰበር” እንደምትል አልተጠራጠረም።

“አይሆንም” አለች።

“ምን?” አለ ሞተር። “‘ሰው፣ ሰው’ ስትዪ አልነበር እንዴ? ይኸው ሰው!”

“ሰው ነው የምልህ! ስማኝ እስኪ። መርከቧ ላይ ስትገባ ምን ነበራት? የምትበላው የሱ፣ የምትተኛበት የሱ፣ የለበሰችው ካፖርት እንኳ የሱ ነው። ከራሷ ልትሰጠው የምትችለው ነገር ‘እርስዎ’ ብቻ ነበር። ማንም አላስገደዳትም። ‘አንተ’ን ለማንም ትላለች፤ ለዘበኛውም፣ ለወጥ ቤቱም። ይቺን ግን ለሱ ብቻ አስቀመጠች። አሁን ሊሞትባት ሲል ትንጠቀው?”

“እሱስ ‘አንተ’ እንድትለው ፈልጎ ቢሆን?” አለ መምህሩ።

“ፈልጎ ነበራ! የመጀመሪያው ቀን፣ ሾርባ እያቀረበላት፣ ‘አንተ በይኝ፤ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም’ አላት። ‘እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ’ አለችው።”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሞተር ብቻ አልሳቀም። ቅንድቡን ሰብስቦ በጣቱ አየር ላይ መቁጠር ጀመረ።

“ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የትኛው ክፍል ላይ ነው?”

“መጀመሪያው አካባቢ ነዋ።”

“የለም! መጀመሪያው ክፍል ላይ እሷ ራሷን ስታለች። ሁለተኛው ላይ ነዳጁ ይፈሳል። ሾርባ የሚባል ነገር በሃያ ዓመት አንድ ቀን አልቀረበም። እኔ ያላየሁት ክፍል አለ?”

ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ወደ በሩ ግን አላየችም።

ተርጓሚው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያ ሾርባ የምስር ነበር፤ ጨውም በዝቶበት ነበር። የቀረበውም እሱ ወጥ ቤት ነው። ያን ቀን የሰጠችውን መልስ የአፈ ጮሌ ልጅ እምቢታ አድርጎ ወስዶት፣ ዘጠኝ ዓመት እንደ እሾህ ይዞት ኖሯል። ሦስት ቀን ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር በአንዴ ለቀቀውና በረጅሙ ተነፈሰ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት “አመመዎት እንዴ?” አለችው።

“የለም፣ እህቴ። ተሻለኝ” አላት።

ስብሰባው እንደ ልማዱ ሳይስማማ ተበተነ። ተርጓሚውና ልጅቷ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

“ሞተር ያንን ክፍል ሲፈልግ ዓመቱን ይፈጃል።”

“ይፈልግ” አለች መሬት መሬት እያየች። “ትንሽ ያርፍልናል።” ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

“ሻንጣሽን አየሁት” አለ ሳቁ ሲበርድ።

“ዛሬ ማታ ለሁለታችሁም ልነግራችሁ ነበር። ሥራውን እሺ ብያለሁ፣ ጋሼ። መሣሪያቸው ጥሩ ነው፤ እዚህ በትምህርት ቤቱ አሮጌ የቅየሳ መነጽር ዓይኔ ጠፋ።”

“በስልክ ደግሞ ‘ቦታ የለም’ ስትዪ ሰማሁ።”

“እርስዎ እኮ ነዎት ቦታ ያጡት!” ዞር ብላ አየችው። “የሥራ ክፍልዎን ለኔ ለቀው ዘጠኝ ዓመት በማቀዝቀዣውና በምድጃው መሃል ተሸጉጠው ጽፈዋል። እማዬ ድስት ባወጣች ቁጥር ካፒቴኑ ላይ ዘይት ይፈናጠራል። ጓደኛዬን ‘ስሄድ ቢያንስ እሳቸው ይፍታቱ’ ነው ያልኳት። ጠረጴዛዎን እኔ ክፍል ያስገቡ። አልጋዬን ግን እንዳይነኩብኝ። በየወሩ መጨረሻ እመጣለሁ።”

“ማን ይነካዋል!” አለ። “እስኪ ስልክሽን አምጪው። ያቺን ቦታ ድምፁን አጥፍተሽ አሳዪኝ።”

ራስ ለራስ ገጥመው ተመለከቱ። በሩ ተዘጋ። መካኒኳ እጇን ብረቱ ላይ ለጠፈች። ተናገረች።

“መልሽው።”

መለሰችው። እሱ ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ፣ የመካኒኳን ከንፈር ብቻ አየ። ከመናገሯ በፊት አየር ትስባለች፤ ያኔ ከንፈሯ ጭላንጭል ያህል ይከፈታል። ሳምንቱን ሙሉ ሲያየው ይህን ትንፋሽ ዝምታ ነው ብሎ አልፎት ነበር።

“እዚህ ላይ” አለ በጣቱ እያመለከተ። “ተመልከቺ። ‘ይ’ እዚህ ትገባለች።”

“ልክ ትመጣለች?”

“ከበቂ በላይ ቦታ አላት።”

አውቶቡሱ ከማዕዘኑ ብቅ አለ። ልጅቷ ተነሥታ እጇን አወጣች። እሱ እርሳሱን ከኪሱ መዝዞ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና “ጠብቀኝ” የሚለውን ሰረዘ፤ በሥሩም ከፊቱ ቦታ ትቶ “ጠብቁኝ” ብሎ ጻፈ።

“ጋሼ፣ አውቶቡሱ እኮ ሊያመልጠን ነው!”

“አንድ ፊደል ናት የቀረችኝ” አለ። “ጠብቂኝ።”