የደቃቆቹ ጥጋብ

«እትዬ፣ ከልጆችዎ መሃል እርስዎን የሚመስለው የትኛው ነው?» ይላቸዋል የግሪንሃውሱ ቧንቧ ሠራተኛ።

«አርፈህ ሥራህን ሥራ፤ አንተ ላይ እንዳልለቃቸው!»

አርቢዋ እትዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደቃቆቹን አራብተዋል። ደቃቆቹ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ፣ ክሽክሽ የተባለውን የተክል ተባይ መርፌ በመሰለ አፋቸው ወግተው የሚመጥጡ አዳኝ ነፍሳት ናቸው። ዘንድሮ ግን ዓይናቸው ከራሳቸው የሰፋ፣ አፍጣጮች የተባሉ ሌሎች አዳኞች መጡ። የግሪንሃውሱ ኃላፊ ለቃሪያው ተክል ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሊያስቀሩ ወስነዋል። የተሸነፈው ወገን ክፍል ይዘጋል፤ አርቢውም አብሮ ይሰናበታል።

ማነጻጸሩ ለወጣቷ ባለሙያ ተሰጠ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ሳይቀምሱ እንዲውሉ ካዘዘች በኋላ በየሳህኑ አንድ አዳኝና ሃያ ክሽክሽ አስገባች። በማግስቱ ጠዋት ስትቆጥር አፍጣጮቹ በአማካይ አሥራ አራት ገድለዋል። ደቃቆቹ ሦስት።

ዓይኗን ማመን አቃታት። ደቃቆቹ የቆዩበትን ብልቃጥ አንስታ በአጉሊ መነጽር አየችው። ክዳኑ ሥር ለአዳኞቹ የሚቀለቡ የእሳት እራት እንቁላሎች ተለጥፈዋል፤ አንድ ሳይቀር ተመጥጠው ሟሽሸዋል።

«እትዬ፣ አብልተዋቸዋል እንዴ?»

«ቅምሻ ናት እንጂ እሷም ምግብ ሆና? ሲቅበዘበዙ አንጀቴ አልችል አለ። ደግሞ ብርታት ቢሆናቸው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ከጠገቡ እኮ አያድኑም።»

እትዬ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።

ወጣቷ ዝም ብትል የደቃቆቹ ክፍል ይዘጋል። ብትናገር ደግሞ ሙከራ ያበላሸ ሰው ይባረራል። ወደ ኃላፊው ቢሮ እየሄደች «እኔ ነኝ ያበላኋቸው» የሚለውን በልቧ ደጋግማ ተለማመደችው።

«ሦስት? በቃ፣ ተገላገልን» አሉ ኃላፊው።

«ይደገም፣ ዶክተር። ሳይራቡ ነው የገቡት።»

«ማን አበላቸው?»

የተለማመደችውን ሳትናገር ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። የክፍሉ ቁልፍ ያለው በእሷና በእትዬ እጅ ብቻ ነበር። ኃላፊው የእሷን ፊት አይተው ሌላ አልጠየቁም።

ሙከራው ሲደገም ደቃቆቹ አሥራ ሰባት ገደሉ። ክፍሉ ተረፈ። እትዬ ግን ቁልፋቸውን አስረክበው ሄደዋል፤ ሲወጡም ቀና ብለው አላዩአትም።

ሰኞ ጠዋት አዲሷ አርቢ ብልቃጦቹን እያገላበጠች፣ «እነዚህ በቀን ስንቴ ነው የሚበሉት?» አለቻት።

ወጣቷ የእትዬን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው። የተጻፈ ነገር የለም። ብልቃጡ ውስጥ ደቃቆቹ ክዳኑ ሥር ተሰብስበው ይርመሰመሳሉ።

«አላውቅም» አለች።