ሁለት ቀን የዘገየ መርዶ

አሜሪካ፣ ፓይን ሌክ፣ ቤታቸው ሆኜ የማስታምማቸው ሚስ ዶሮቲ ስልክ በጮኸ ቁጥር «የዊልያም ወሬ ነው?» ይሉኝ ነበር። ዊልያም ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓስፊክ ላይ መርከበኛ ነበር። መርከቡ ሲቃጠል ሦስት ጓደኞቹን ተሸክሞ አወጣ፤ ለአራተኛው ተመልሶ ገባ፣ አልወጣም። እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እሳቸው አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። አሁን ሰማንያ ስምንት ሞልቷቸው ልባቸው ደክሟል። ማንነታቸው ሳይለይ የተቀበሩት መርከበኞች አጽም እየተመረመረ ስለሆነ፣ ምራቃቸውን ለዲኤንኤ ምርመራ ሰጥተው ይጠብቃሉ። ሳይሞቱ ወንድማቸውን መቅበር ነው ምኞታቸው።

በፈረንጆቹ 2017 አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ተኝተው ሳለ፣ ከባሕር ኃይል ተደወለ። ዊልያም ተገኝቷል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጨነቀኝ። ልበ ደካማ ሴትዮ፣ ያውም ብቻቸውን፣ በስልክ ይረዱ? በእኛ ወግ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። የደወለውን ሰው ቅዳሜ መልሶ እንዲደውል ነግሬው ለጓደኛዬ ለአበባ ባል ለነጋ ደወልኩ።

«ፋናዬ፣ ሰውየው ከሞተ እኮ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው» አለኝ። «ይሄ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ጀስት ንገሪያቸው።»

እኔ ግን ግትር ነኝ። ቅዳሜ ከሥራ ኦፍ መሆኑን አውቃለሁና አበባን ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩት።

ዓርብ ስልክ ሁለቴ ጮኸ። ሁለቴም ጠየቁኝ፣ ሁለቴም አይደለም አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሦስታችንም ነጠላ አዘቅዝቀን ገባን። ሚስ ዶሮቲ ከትራሳቸው ቀና ብለው ተራ በተራ አዩን።

«ተገኘ?»

«ተገኝቷል» አልኩ።

«መቼ ደወሉ?»

«ሐሙስ።»

«የቀሩኝ ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ ሁለቱን ወሰድሽብኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወጋችንን ነገርኳቸው፤ ብቻቸውን እንዳይሰሙት ብዬ መሆኑን ተንተባተብኩ። እሳቸውም ሰው ከተረዳ በኋላ እናንተ አገር ምን ይደረጋል ብለው ጠየቁኝ። ይለቀሳል አልኳቸው።

«እናታችን ይመጣል እያለች ማልቀስ ከልክላን ነበር» አሉ። «እስከ ዛሬ ማንም አላለቀሰለትም። በሉ፣ ጀምሩ።»

አበባ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች። እሳቸው ግን ቀደሙን።