የሺ በቀጥታ ስርጭት

ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። አገሩ እስኪገባ ድረስ «ሁሉም ደህና ነው፤ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ» ይባላል። ዓረብ አገር ያለችው ትዝታም የሰማችው ይህንኑ ነበር። እናቷ የሺ ክረምቱን ታማ ስትተኛ ዘመድ ተማክሮ «ደህና ናት» አላት፤ የሺ ስትድንም ያው «ደህና ናት» አላት። ታዲያ ልጅቱ ምን ታድርግ? እናቴ ሞታለች ብላ ደመደመች። ፎቶ ቢልኩላት «የድሮ ነው»፣ ድምፅ ቢልኩላት «የተቀዳ ነው» አለች። በዚህ ላይ አሠሪዋ ስልኳን ቀማትና ጭራሽ ድምፅዋ ጠፋ።

ታላቅ እህቷ ማስተዋል እንቅልፍ አጣች። እሷ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ጥገና ቤት ትሠራለች። እዚያ የቀረችው ጓደኛዋ አማረች የትዝታ ጎረቤት ናት፤ ስልኳን ልታውሳት ፈቅዳለች። ችግሩ የትዝታ አሠሪ ልጅ ነው፤ በቤቱ ኢንተርኔት ማን የት እንደገባ ይፈትሻል።

ማስተዋል አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የራሷን የቀጥታ ስርጭት ድረ ገጽ ጫነችና ቶር በሚባለው መረብ ውስጥ ደበቀችው። በዚያ መረብ የሚሄድ ሰው ከየት ተነሥቶ የት እንደገባ አይታወቅም። የገጹን ረጅም አድራሻ ለአማረች ላከች።

እሑድ ጠዋት የሺ ከጉና እስከ መኪና መንገዱ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጣች። ካሜራው ፊት ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የትዝታን ስም እንዳትጠሪ፤ እዚያ ሰው ቢሰማ ያውቅባታል» አለቻት ማስተዋል።

«ሰማሁ አልኩ እኮ! እኔ ወሬ የማልቋጥር ነኝ?»

«ነሽ» አለች ማስተዋል በሆዷ።

ገጹ ላይ ተመልካች ዜሮ ይላል። ቆየና አንድ ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ከታች ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ማስተዋል ጮክ ብላ አነበበችው።

«ይህም የተቀዳ ነው። እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። መቼ ቀበራችኋት?»

የሺ ብድግ አለች።

«ወለተ ሥላሴ!»

ማስተዋል ደንግጣ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው ግን መለሰችው። የትዝታ የክርስትና ስም ነው፤ ከቤተሰቧና ከንስሐ አባቷ በቀር የሚያውቀው የለም።

«በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው? መቼ ቀበራችኋት ትያለሽ? ገብሴን አሳጭጄ፣ በጎቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ የመጣሁት ሙት ልባል ነው? አንቺ ፈሪ! ደግሞስ እህል በልተሻል? ወይስ እያለቀስሽ ጦምሽን ነው ያለሽ?»

ድምፅዋ እዚያ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ፤ ቶር ዘገምተኛ ነው። ከዚያ ጽሑፉ መጣ።

«እማዬ፣ እስቲ ደግመሽ ተቆጪኝ።»

የሺ አፏን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆጣ የኖረች ሴት የምትቆጣበት ቃል አጣች። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ» ብቻ አለች።