የቆመው ሊቀመንበር

ሽማግሌዎቹ ከቆሙ አንድ ሰዓት ሊሞላቸው ነው። የልጅቱ ወገን እሺ ሳይል መቀመጥ ነውር ነውና፣ ሳዑዲ ውስጥ በአል ኹበር አል-ጀኑቢያ ሰፈር ያለችውን ጠባብ ክፍል ሞልተው እግራቸውን እያፈራረቁ ይጠብቃሉ። ኑርሀያት ፍራሽዋ ላይ እግሯን ዘርግታለች። ለሙዐዝ የተጠየቀችው የልጅ ልጇ ሬሀና ከመጋረጃው ጀርባ ጥፍሯን ትበላለች። ሁለቴ ተመልሰዋል፤ ዛሬም እምቢ ከተባሉ ነገሩ ኸላስ ነው።

በፋቲሃ ተጀምሮ ደህና ይሄድ ነበር። ሽምግልናውን ለማክበድ ዛሬ አዲስ የተጨመረው ጁሀር ግን፣ በደርግ ጊዜ ወሎ ውስጥ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር እንደነበረ ደረቱን ነፍቶ ተናገረ።

ፊደል ሳትቆጥር ሠላሳ ዓመት የማዳሞችን ማድቤት ስታዝ የኖረችው ኑርሀያት ቀና አለች።

«ሊቀመንበር! እሰይ። እስቲ የሰባ ሰባቱን ረሃብ ምን አመጣው?»

«ድርቅ ነዋ፣ እትዬ ኑርሀያት። ዝናብ በአላህ እጅ ነው።»

«በአላህ አታሳብብ። አላህ ወሎ ጎተራዬ ገብቶ የመንግሥት ኮታ አልሰፈረም።»

ወጣቱ ሽማግሌ ያሲር የተማረ ነውና ስልኩን አወጣ። «ጥናቶች እንደሚሉት ድርቁም፣ ጦርነቱም፣ ፖሊሲውም...»

«አንተ ያኔ ተወልደህ ነበር?»

«ኧረ አልተወለድኩም።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ቁም።»

ቆሞ ነበር፤ ይበልጥ ቀጥ አለ። ሦስተኛው ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል።

«ትእዛዙ ከላይ ነው፤» አለ ጁሀር። «እኔ ምን ሥልጣን ነበረኝ?»

«አሁን ሊቀመንበር ነበርኩ አላልክም?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ አመለጠ። ጁሀር ምንጣፉን አየ። ድርቅ ምቹ ቃል ነበረች፤ ማንንም አትከስም። ዕድሜውን ሙሉ በሷ ተጠልሎ ኖሯል።

«ኮታው ጎደለ ተባልኩ፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘሩንም አስወጣሁ። ገበሬዎቹ ለክረምት ያስቀመጡትን። ቤት ለቤት የዞርኩት እኔው ነኝ።»

 ኑርሀያት የዘረጋችውን እግሯን ሰበሰበች።

«ተቀመጥ» አለች።

ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ፈነዳ። ያንቀላፋው ሽማግሌ ብንን ብሎ «ማሻ አላህ!» አለ።

«ዝም በይ አንቺ! እሺ መች ወጣኝ? ሙግቱ ገና መጀመሩ ነው፤ ጉልበቱ እንዳይከዳው ብዬ ነው።»

ጁሀር የፍራሹ ጫፍ ላይ ኩምሽሽ ብሏል። ኑርሀያት ትራሷን ወደ እሱ ገፋ አደረገች።

«ዘሩን አስወጣህ፤» አለች። «ከዚያስ?»